«መስኮቱን ዝጉት፣ ብርድ ገባ»

ስለ ቤት ውስጥ አየር ለሕዝብ የተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር



ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። በግራ በኩል የተቀመጣችሁ ሁለቱን መስኮቶች፣ በስተቀኝ ከኋላ ያላችሁ ደግሞ ያችን አንዷን ክፈቱልኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ይኸው፣ ገና ከመከፈቱ ነጠላዋን ሰብሰብ ያደረገች እኅት አያለሁ፤ ከፊት ረድፍ ያሉት አባትም ጋቢያቸውን ወደ ጆሯቸው ሳብ አድርገዋል። አይቀየሙኝ፣ አባቴ። የዛሬው ጉዳያችን እርስዎ ጋቢውን የሳቡበት፣ እኔም መስኮቱን ያስከፈትሁበት ምክንያት ነው።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «ባሕርየ ነፋስ በጤናማ ቤት ውስጥ» ይላል። ርእሱን ወድጄዋለሁ። ቄስ ትምህርት ቤት የቆጠራችሁ እንደምታስታውሱት፣ በሊቃውንቱ ትምህርት የሰው ሥጋ ከአራት ባሕርያት የተሠራ ነው፤ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት። ቤታችንንም በዚህ ዓይን እንየው። መሬቱ ብሎኬትና ሲሚንቶ ሆኖ ይገባል፤ ለእሱ ዕድሜ ልካችንን እንቆጥባለን። ውኃው በቧንቧ ይመጣል፤ ሲጠፋ ሮቶ እናስቀምጥለታለን። እሳቱ መብራት፣ ምጣድና ከሰል ሆኖ ይገባል። አራተኛውን ግን የጠራው የለም። ግንበኛ፣ አናጢ፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቀጥረን ስናበቃ «አየሩስ በየት ገብቶ በየት ይወጣል?» ብለን አንጠይቅም። ሕንፃ በመሥራት ባሳለፍኋቸው ዓመታት ይህን የጠየቁኝ ባለቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የሳሎኑን ቀለምና የኮርኒሱን ጌጥ ግን ያልጠየቀኝ የለም።

ቋንቋችን ራሱ ስለ ነፋስ ሁለት ልብ ነው። «አየር» የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ እንግዳ ነው፤ የኛው «ነፋስ» ነው። ነፋስ፣ ነፍስና እስትንፋስ በግእዝ ከአንድ ግንድ የበቀሉ ሦስት ቅርንጫፎች ናቸው። ነፋስን ከነፍስ ጋር ያዛመደ ሕዝብ ነፋስን ይወዳል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። እውነትም ደጅ ስንወጣ «ነፋስ ልቀበል ነው» እንላለን፤ እንደ ክቡር እንግዳ። ያው ነፋስ በመስኮት ገብቶ አልጋችን ድረስ ሲመጣ ግን «ነፋስ መታኝ» እንላለን። በረንዳ ላይ የተቀበልነውን መኝታ ቤት ስናገኘው እንከሰዋለን። እኔ ዛሬ የተከሳሹ ጠበቃ ሆኜ ነው የቆምሁት።

አየር ባዶ ነገር ስለሚመስለን እስኪ ሚዛን ላይ እናውጣው። አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ሳሎን 40 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ይህ አየር አዲስ አበባ ላይ ቢመዘን ከ35 ኪሎ በላይ ነው፤ የአንድ ኩንታል ጤፍ ሲሶ ማለት ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ቢሆን ወደ 48 ኪሎ ይጠጋ ነበር። እኛ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምንኖር ሰዎች ነንና አየራችን ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ስለ ከሰል ስናወራ እንመለስባታለን። አንድ አዋቂ ሰው በቀን ወደ 10,000 ሊትር አየር ይስባል፤ በእኛ ከፍታ ዘጠኝ ኪሎ ገደማ ይሆናል። በቀን ዘጠኝ ኪሎ የሚበላ ሰው አላየሁም። የምንበላውን ጤፍ አበጥረን፣ አንጓለን፣ ነፍተን ነው የምናስገባው። የምንተነፍሰውን ግን ጎረቤት ተንፍሶ እንደተወው እንወስደዋለን።

«ጎረቤት ተንፍሶ የተወው» ያልሁት ለቀልድ አይደለም። የውጭ አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.04 በመቶ ገደማ ነው። ከአፍንጫችን ሲወጣ ወደ አራት በመቶ ደርሶ ነው፤ መቶ እጥፍ ማለት ነው። ማክስ ፎን ፔተንኮፈር የሚባል የሙኒክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1858 በመኖሪያ ቤቶች ውስጥ አየር እንዴት እንደሚለዋወጥ ያጠናውን አሳተመ። ሰው የሚኖርበት ክፍል አየር 0.1 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካለፈ መጥፎ ነው ብሎ ልክ ያበጀው እሱ ነው። ያ ልክ ዛሬም የሕንፃ ባለሙያዎች መነሻ ነው። ልብ በሉ፣ ፔተንኮፈር ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እንደ ወንጀለኛ አላየውም፤ ምስክር ነው። እስትንፋስ በተጠራቀመበት ቤት ከሰው የሚወጣው ሌላውም ሁሉ ይጠራቀማል፤ ወዙ፣ ሽታው፣ የሚያስል ሰው ካለም ተሐዋሲው።

በነገራችን ላይ ይኸው ሰው ስለ ኮሌራ ተሳስቶ ነበር። ጀርሙ ብቻውን አያሳምምም ብሎ ከጀርም ተመራማሪው ከሮበርት ኮኽ ጋር ሲከራከር ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1892 የኮሌራ ጀርም ያለበትን ፈሳሽ በሰው ፊት ጠጣው። ተረፈ። ስለ አየር የነገረንን የምንቀበለው ግትርነቱን ይቅር ብለን ነው።

ልኩን ወደ ቤታችን እናምጣው። ተኝቶ ያለ ሰው በሰዓት 12 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ሦስት በሦስት ሜትር በሆነች መኝታ ቤት ሦስት እኅትማማቾች ተኙ እንበል። በሩ ተዘግቷል፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ በስንጥቁ ጨርቅ ተወትፏል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የፔተንኮፈር ልክ ታልፏል። ሌሊቱ ግን ስምንት ሰዓት ነው። ጠዋት ራሳቸውን ከብዷቸው፣ አፋቸው መርሮ ሲነሡ «ሌሊቱን ብርድ ሲመታን አደረ» ይላሉ። ብርዱ እኮ አልገባም ነበር!

አሁን ወደ ክሱ። ሁላችንም ሚኒባስ ታክሲ ተሳፍረናል። ከኋላ አንድ ሰው ይስላል፣ ደረቅ ሳል። ከመሐል ያለች ልጅ መስኮቱን ከፈት ታደርጋለች። ወዲያው ከሦስት ቦታ፣ «መስኮቱን ዝጉት፣ ብርድ ገባ!» ሕጉ ይኸው ነው፤ በሳሉ ላይ የሚነሣ ድምፅ የለም፣ በመስኮቱ ላይ ግን ምክር ቤቱ በሙሉ ድምፅ ይወስናል። ቲቢ፣ ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚተላለፉት። የሳለው ሰው ያወጣቸው ጥቃቅን ጠብታዎች በዝግ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ሊንሳፈፉ ይችላሉ፤ መስኮት ሲከፈት ይበተናሉ፣ ይወጣሉ። የምንፈራው በሽታ አጠገባችን ተቀምጦ ሳለ እኛ በሩን የምንዘጋው መድኃኒቱ ላይ ነው።

ስሕተቱ ከየት መጣ ብትሉ አንዱ ከስሙ ነው። የሳንባውን በሽታ «የሳንባ ምች» አልነው። ምች ከውጭ የሚመታ ነገር ነው፤ ስለዚህ የሚመታውን ፍለጋ ወደ መስኮቱ እንሄዳለን። ብርድን አልክድም። አረጋዊና ሕፃን ሲበርደው አቅሙ ይደክማል፣ መልበስ አለበት። ፍሎሬንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 በታተመው የነርስነት መጽሐፏ ከሁሉ በፊት ያስቀመጠችው ትእዛዝ ይኸው ነበር፤ የበሽተኛው ክፍል አየር እንደ ውጭው ንጹሕ ይሁን፣ በሽተኛው ግን አይብረደው። ሁለቱን አንድ ላይ ነው ያዘዘችው። የብርድ መፍትሔው ብርድ ልብስ ነው፤ የታፈነ አየር መፍትሔው መስኮት ነው። የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ስንሰጥ ነው የተሳሳትነው፣ አባቴ፤ እርስዎ ግን ጋቢዎን መሳብዎ ትክክል ነው።

ከዚህ ጋር የኅዳር ነገር ትዝ ይለኛል። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያጠቃው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገባ። የኅዳር በሽታ ተባለ፤ ቀባሪ እስኪታጣ ሰው አለቀ፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ተረፉ። ከዚያ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን ሰፈር ተጠርጎ ቆሻሻው ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን እንላለን። አባቶቻችን አንድ ትልቅ ነገር ገብቷቸው ነበር፤ በሽታው በአየር ይመጣል ብለዋል፣ ልክም ነበሩ። የሳቱት መድኃኒቱን ነው። አየሩን በጭስ ሊያጥቡት ፈለጉ። በዚያን ጊዜ የሚቃጠለው ጭድና ቅጠል ነበር። ዛሬ ፌስታልና ፕላስቲክ ነው፤ በማግስቱ የሚያስለው ሕፃን ደግሞ የዚያው ሰፈር ልጅ ነው። መጥረጉን እናቆየው፣ ማቃጠሉን እንተወው፤ የኔ ሐሳብ ይኸው ነው፣ የሚከራከረኝ ካለ በጥያቄው ሰዓት።

ስለ ድሮ ቤታችን ሲነሣ ሁለት ዓይነት ተናጋሪ አለ። አንዱ ጎጆውን ያንቋሽሻል፣ ሌላው ቅኔ ይቀኝለታል። እኔ በጎጆ ቤት ያደግሁ ነኝ። የሣር ክዳን ይተነፍሳል፤ ማታ ከውጭ ብታዩት ጭሱ በክዳኑ ሁሉ ሰርጎ ሲወጣ ጎጆው ራሱ እንፋሎት ያለው ይመስላል። ጭሱም ሥራ ነበረው። ቆጥ ላይ የተሰቀለውን ዘር ከነቀዝ ይጠብቃል፣ ክዳኑን ከተባይ ይጠብቃል። የዶርዜ ሰው ከቀርከሃ የሚሠራው ያ ረጅም ቤት ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል፤ ጭሱ ከሰው ራስ በላይ ሰፊ ቦታ ያገኛል፣ ቀርከሃውንም ያጠነክረዋል። አፋሮች ደግሞ ዳቦይታቸውን በሰሌን ምንጣፍ ነው የሚያለብሱት። ሲሞቅ ምንጣፉን ገለጥ፣ ሲበርድ መለስ፤ ቤቱ በሙሉ መስኮት ነው። ይህ ሁሉ ጥበብ ነው።

ግን የእናቴን ዓይን አልረሳም። ምጣዱ ሥር አጎንብሳ እፍ ስትል ኖራ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ሲመሽ ሳል ይዟት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት ቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶና ከሰል በሚመጣ የአየር ብክለት በዓመት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ይሞታል፤ ሕፃናቱ በአብዛኛው በዚያው በሳንባ ምች። እናት ታዝላለች፣ ጭሱም ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ እንዳለ ያገኘዋል። አብዛኛው የአገራችን ቤተሰብ ዛሬም በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ያበስላል። ከሲሚንቶና ከቀላል እሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ የማገዶውን ግማሽ ያህል ያተርፋል፣ ጭሱንም ይቀንሳል። የቀረው ጭስ ግን መውጫ ካልተበጀለት ያው ቤት ውስጥ ነው። ጎጆውን በቆርቆሮ ስንለውጠው የሚተነፍሰውን ክዳን አንሥተን የማይተነፍስ ክዳን ደፋንበት፤ በምትኩ ቀዳዳ መተው ነበረብን። ብዙው ሰው ኮርኒስ ለጠፈበት።

አሁን ደግሞ ፎቅ ላይ ወጥተናል። ኮንዶሚኒየሙን ያቀዱት ሰዎች አንድ ነገር አስበው ነበር፤ በየግቢው የጋራ ማብሰያ ቤት ሠርተዋል፣ እንጀራው እዚያ እንዲጋገር። በአንዳንዱ ግቢ ያ ቤት ዛሬ ሱቅ ወይም ዕቃ ማከማቻ ነው፤ እንጀራው አራተኛ ፎቅ ላይ ይጋገራል፣ እንፋሎቱም ግድግዳው ላይ ያድራል።

ሰውን ከምወቅስ ራሴን ልውቀስ። እኔም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ሲደርሰኝ፣ ባለሙያ ነኝ ባዩ፣ መጀመሪያ ያደረግሁት የወጥ ቤቱን በረንዳ በአሉሚኒየምና በመስታወት መዝጋት ነው። አንድ ክፍል አተረፍሁ ብዬ ደስ አለኝ። ሁለት ክረምት አለፈ። ልጄ ማታ ማታ ማሳል ጀመረች፤ መኝታ ቤቱ «ጓዳ ጓዳ» ይሸታል እያለች ባለቤቴ ትነግረኛለች፣ እኔ አይሸተኝም። አንድ ቀን ቁም ሣጥኑን ሳብ ባደርገው ከኋላው ያለው ግድግዳ ከወለል እስከ ወገቤ ጥቁር ሻጋታ ለብሷል። አራት ሰው የሚኖርበት ቤት በእስትንፋስ፣ በምግብ ማብሰልና በልብስ ማጠብ በቀን እስከ 10 ሊትር ውኃ በእንፋሎት መልክ ይለቃል። አንድ ትንሽ ጄሪካን ሙሉ። በበረንዳው በኩል ይወጣ የነበረውን መንገዱን ዘግቼበት፣ ሄዶ ሄዶ ከቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛውን ግድግዳ ፈልጎ አረፈ። ከበረንዳው መስታወት የላይኛውን ረድፍ አስወልቄ በምትኩ ተከፋች አስገባሁ፣ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅሁት፣ ሻጋታውን አስፍቄ አጥቤ አደረቅሁት። ገንዘብ አውጥቼ የዘጋሁትን ገንዘብ አውጥቼ ከፈትሁት ማለት ነው።

ለምን አንዱ መስኮት ብቻ አይበቃም? ባዶ ጠርሙስ ወስዳችሁ አፉ ላይ እፍ በሉበት። አየሩ ይገባል? አይገባም፤ ያፏጫል እንጂ። ጠርሙሱ መውጫ የለውም። አንድ መስኮት ብቻ የተከፈተበት፣ በሩ የተዘጋ ክፍል ከዚያ ጠርሙስ ብዙም አይሻልም። ነፋስ ቤትን ሲመታ በመጣበት በኩል ይገፋል፣ በተቃራኒው በኩል ይስባል፤ ሁለቱም በኩል ከተከፈተለት በደቂቃዎች ውስጥ የቤቱን አየር ይዞት ይሄዳል። መስኮቶቹን ከሁለቱም ወገን ያስከፈትሁት ለዚህ ነው። የአዲስ አበባ ነፋስ በአብዛኛው ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። አውሮፕላን ፊቱን ለነፋስ ሰጥቶ ነው የሚነሣው፤ የቦሌ ማኮብኮቢያዎች ከምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ ወደ ምዕራብ ደቡብ ምዕራብ የተዘረጉ ናቸው። ቤት ልትሠሩ ያሰባችሁ ሰዎች ይህን ለአርክቴክታችሁ ንገሩት፣ ባይጠይቃችሁም።

ነፋስ በሌለበት ሌሊት ደግሞ ሙቀት ይሠራል። የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከኮርኒሱ ሥር ቀዳዳ ካገኘ ይሄዳል፣ በበሩ ሥርና በመስኮት ስንጥቅ አዲሱ ይተካል። ፒያሳ አካባቢ ያሉትን አሮጌ ቤቶች አይታችኋል? ጣራቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳቸው ሰፊ፣ ከበሩ በላይ ትንሽ መስኮት ያላቸው። ያች ከበሩ በላይ ያለች መስኮት ጌጥ አይደለችም። ዛሬ የምንገጥመው ተንሸራታች የአሉሚኒየም መስኮት ግን ሙሉ በሙሉ ተከፈተ ሲባል እንኳ ግማሹ ዝግ ነው፤ አንዱ መስታወት በሌላው ላይ ይደረባል እንጂ አይወጣም። የሁለት ሜትር መስኮት ዋጋ ከፍላችሁ የአንድ ሜትር አየር ትገዛላችሁ። ለሌባ ፍርግርግ፣ ለቆላ ሰው የትንኝ ወንፊት ይገጠምለት፤ ማጠፊያ ያለውና ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተውን ግን ምረጡ።

የከፍተኛ ጣራና የሰፊ መስኮት ነገር የናፍቆት ወሬ እንዳይመስላችሁ። የፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ውስጥ ተመራማሪዎች በስምንት ሆስፒታሎች ያሉ ክፍሎችን አየር ለክተው እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱን አሳትመዋል። መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይለወጥ ነበር፤ ሲዘጋ ካለው 18 እጥፍ ማለት ነው። በሞተር አየር ለሚለወጥባቸውና ለቲቢ ለሚያሰጉ ክፍሎች የሚመከረው በሰዓት 12 ነው። ከሁሉ የበለጡት ጣራቸው ከፍ ያለው፣ መስኮታቸው የሰፋው አሮጌዎቹ ሆስፒታሎች ሆኑ። አዲሶቹን ያሠራው ሰው ምን እንደተሰማው እንጃ።

«ቤቱ ይቀዘቅዛላ!» የምትሉኝ አላችሁ። መልሱን ከሚዛኑ ላይ አንሡ። የሳሎኑ አየር 35 ኪሎ ምናምን ነው ብለናል። ግድግዳውና ወለሉ ግን ከአሥር ቶን አያንስም። የቤቱን ሙቀት የያዘው እሱ ነው። በሁለቱም በኩል ወለል አድርጋችሁ ለአሥር ደቂቃ ብትከፍቱ አየሩ ተለውጦ ያልቃል፣ ግድግዳው ገና ሙቀቱን አልጨረሰም፤ ስትዘጉት አዲሱን አየር መልሶ ያሞቀዋል። ቀኑን ሙሉ በጠባቡ ገርበብ አድርጎ ከመተው ይህ ይሻላል። ጀርመን አገር የምትኖሩ ዘመዶች ያሏችሁ ጠይቋቸው፤ ቤት ሲከራዩ ከሚነገራቸው ነገር አንዱ ይኸው ነው፣ በክረምትም ጭምር።

«የውጭውስ አየር ንጹሕ ነው ወይ?» የሚለው ግን የሚያስቸግር ጥያቄ ነው። በበጋ ጠዋት ከእንጦጦ ቁልቁል ያየ ሰው ከተማዋ ላይ የተነጠፈውን ግራጫ ነገር ያውቀዋል። ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል፣ የምድጃውንና የመኪናውን ጭስ ይዞ። ፀሐይ ሲሞቅ ነው የሚነሣው። ስለዚህ አውራ መንገድ ዳር የምትኖሩ በማለዳ ሳይሆን ረፋድ ላይ ወይም ከሰዓት በኋላ ክፈቱ፤ ከተቻለም ከመንገዱ በተቃራኒ ካለው ወገን ጀምሩ። በማለዳ መክፈት ይሻላል የሚለው ምክር ለገጠር ልክ ነው፣ ለመገናኛ ግን አይሠራም።

አበባ በማሰሮ ስለሚያበቅሉትም ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1989 የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ያሳተመው ጥናት የቤት ውስጥ ተክል አየር ያጸዳል የሚለውን ወሬ ለዓለም አዳረሰ። ጥናቱ የተሠራው ግን በታሸጉ ትናንሽ ሣጥኖች ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሌላ ሥራ ውጤቶቹን ሰብስቦ ቢያሰላ፣ ተክል የአንድ ተራ ቤት አየር ልውውጥን ያህል እንዲሠራ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል ላይ ከ10 እስከ 1,000 ተክል ያስፈልጋል። እንግዲህ ጫካ ውስጥ መተኛት ነው። ተክሉን ለዓይናችሁ አቆዩት። ሌሊት አየር ይሻማናል ብላችሁም ከመኝታ ቤት አታስወጡት፤ አንድ ማሰሮ ተክል የሚያወጣው አጠገባችሁ የተኛው ሰው ከሚያወጣው ጋር አይወዳደርም። የሚረጨው ሽቶ ደግሞ ያለውን ሽታ ሳያስወግድ ሌላ ይጨምርበታል። አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል፤ የኔን ሻጋታ እኔ አልሸተትሁትም። የቤታችሁን አየር ማወቅ ብትፈልጉ ከውጭ የመጣ እንግዳ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ፊቱን እዩት።

ቡናና ዕጣን? ቡና አትጠጡ፣ ዕጣን አታጭሱ ብዬ ከዚህ አዳራሽ በሰላም እንደማልወጣ አውቃለሁ። የዕጣን ጭስም ጭስ ነው፤ ሳንባ ቅዱሱን ከተራው አይለይም። ሲቆላና ሲታጠን መስኮቱን ክፈቱ፣ አስም ያለበት ሰው ካለ ወደ ሌላ ክፍል ይሂድ። ከሰሉን ደጅ አያይዙት። ያለኝ ይህ ነው።

የከሰሉ ነገር ግን በዚህ አያልቅም፤ እስካሁን ያወራነው ሁሉ ቢረሳ ይህ እንዳይረሳ።

በየዓመቱ፣ በክረምትና በኅዳር ታኅሣሥ ቁር፣ ከሰል አፍኗቸው ስላደሩ ሰዎች እንሰማለን። ባልና ሚስት፣ ተከራይ ተማሪዎች፣ ዘበኛ በቤቱ። ሰነፎች ወይም ግዴለሾች አልነበሩም፤ አብዛኞቹ ጭሱ እስኪያልቅ ጠብቀው ነው ምድጃውን ያስገቡት። ስሕተቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። «ጭሱን ጨርሷል፣ ፍም ብቻ ነው» ስንል መርዙ ያለቀ ይመስለናል። ጭስ የሚታይ ጠላት ነው፤ ያስለናል፣ ያስለቅሰናል፣ በር ያስከፍተናል። መርዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስልም። ከሰል ስታራግቡ በፍሙ ላይ ብድግ ቁጭ የምትል ሰማያዊ ነበልባል አይታችኋል፤ እሷ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስትቃጠል ናት። ነበልባሏ ስትጠፋ ጋዙ አልቆ አይደለም፤ ሳይቃጠል ወደ ክፍሉ መግባት ጀምሮ ሊሆን ይችላል። እሳቱን በአመድ ዳፍናችሁ ስትተኙ ደግሞ አየር አጥሮት ቀስ ብሎ ሲነድ ያድራል፣ ጋዙንም ሲለቅ ያድራል።

ይህ ጋዝ ከደማችን ጋር የሚጣበቀው ኦክስጅን ከሚጣበቅበት ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ኃይል ነው። የኦክስጅኑን ወንበር ይዞ አይነሣም። ቀደም ሲል ያዙልኝ ያልኋችሁን አስታውሱ፤ የደጋ ሰው መጀመሪያውኑ በሳሳ አየር የሚኖር ነው፣ ስለዚህ የሚተርፈው ኦክስጅን ያንሳል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት ይመጣል። አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ከታመሙ ምግቡን ሳይሆን ምድጃውን ጠርጥሩ። የተኛ ሰው ግን ይህን ምልክት አያየውም፤ እንቅልፉ ይጠልቃል እንጂ።

እንዲህ ያለ ሰው ብታገኙ በሩንና መስኮቱን በርግዳችሁ መጀመሪያ ደጅ አውጡት። ወተት ፍለጋ አትሩጡ፤ ወተት ሆድ ነው የሚገባው፣ ጋዙ ያለው ደም ውስጥ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ምንም አታጠጡ። ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፣ ነቃሁ ቢልም እንኳ። በተራ አየር የጋዙ ግማሽ ከደሙ ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ በሆስፒታል ንጹሕ ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ ወዳነሰ ይወርዳል።

«መስኮቱን ትንሽ ከፍቼ ከከሰሉ ጋር ልተኛ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣልኛል። የመስኮት ጠበቃ ሆኜ የቆምሁት ሰው፣ ለዚህ ብቻ አይሆንም እላለሁ። ነፋሱ ሌሊት ቢቆም፣ መጋረጃው ቢጋርደው፣ ልጁ በርዶት ተነሥቶ ቢዘጋው ማን ያውቃል? ከሰል ከተኛ ሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር አያድርም።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ቡና ተፈልቶ ይሆናል። ከተጠጣ በኋላ ምድጃው የት እንደተቀመጠ እዩ። ፍሙ አምሮ፣ ክፍሉ ሞቆ ሊያሳዝናችሁ ይችላል። አንሥታችሁ ደጅ አውጡት፣ ውኃ አፍስሱበት፣ ከዚያ ተኙ።